ከባሕሩ ሥር ያለው መሬት

ስለ ድንጋይ ከሆነ ላሊበላ ውስጥ እየሩስን የሚረታ አስጎብኚ የለም። ይህን የሚሉት ወዳጆቿ ብቻ ቢሆኑ አድልዎ ነው በተባለ፤ እንግዳ የሚሻሟት ወንዶቹ አስጎብኚዎች ራሳቸው፣ ከንፈራቸውን እየነከሱም ቢሆን፣ ያምናሉ። የትኛው ዓምድ ከየትኛው ቀድሞ እንደተጠረበ፣ የትኛው ግድግዳ ክረምት ሲገባ እንደሚያዥ፣ የትኛው ስንጥቅ አምና እንዳልነበረ ትናገራለች። ስለ ባሕር ግን ምንም አታውቅም ነበር። ከየት ታውቃለች? የተወለደችው እዚሁ፣ የተዳረችው እዚሁ። በዕድሜዋ ያየችው ትልቁ ውሃ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ነው፤ እሱንም ደሴ ስትሄድ በመኪና መስኮት፣ ያውም አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ በባርኔጣው ግማሹን ከልሏት። ባሏን የወሰደባት ግን ባሕር ነው።

ባሏ እሱባለው ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቀዩን የላሊበላ ድንጋይ እየፈለፈለ በመዳፍ የምትያዝ ቤተ ጊዮርጊስ ይሠራል፤ እሷ እንግዳ ታመጣለች፣ እሱ ይሸጣል። መጀመሪያ ዓለምን የዘጋው በሽታ፣ ከዚያ ጦርነቱ እንግዳውን ሙልጭ አድርጎ ሲወስደው የተፈለፈለው ድንጋይ ደጅ ላይ ተከመረ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ እንደ እሱባለው ያለውን ሰው ያሳብደዋል። አንድ ቀን ተነሣና "በሱዳን በኩል እወጣለሁ" አለ። እየሩስ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈችው። እሱ ልቡ ቆርጦ ነበር። ጋሸና ድረስ ሸኘችው፤ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲሄድ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማ ቀረች።

ከሊቢያ ወደ ግሪክ የተነሣችው ጀልባ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ውሃ ገባባት። ይህን የነገራት አባስ የሚባል የፍላቂት ገበሬ ልጅ ነው፤ ከሱዳን ጀምሮ ከእሱባለው ጋር አንድ ብርድ ልብስ ሲጋሩ የነበሩ ናቸው። "እታለም፣ አብሽሪ" አላት ከግሪክ ደውሎ። "ወላሂ ሲሰጥም በዓይኔ ነው ያየሁት። ከእንግዲህ በር በሩን አትይ።" እሱባለው ዋና አያውቅም። ላስታ ውስጥስ ዋና የሚያውቅ ማን አለ? አባስ ራሱ የተረፈው ባዶ ጄሪካን አቅፎ ነው።

ስልኩ ሊቋረጥ ሲል አባስ፣ "ጻፊ፣ ጻፊ" ብሎ ቁጥር ነገራት፤ ሠላሳ ሦስት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አራት፣ አሥራ አንድ። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። እንግዲህ የወሎ መደበኛ ስልክ በሠላሳ ሦስት እንደሚጀምር የወሎ ሰው ሁሉ ያውቃል። እየሩስም ከፊቱ ዜሮ ጨምራ ብትቆጥረው አንድ ቁጥር ጎደለው። በድንጋጤ ሰምቼ የሳትኩት ነው ብላ ከመጨረሻው ዜሮ አድርጋ ደወለች፤ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ እንዲህ እያለች እስከ ዘጠኝ። ሰባቱ የሉም። አንዱ አልነሣም። አንዱ የእህል መጋዘን ሆነ። አንዷ ሴትዮ ግን እየሩስ "ስለ እሱባለው ደውዬ ነው" ስትላት፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ "ምን አገኘው በሞትኩት!" ብላ አብራት አለቀሰች። ከሳምንት በኋላ አባስ እንደገና ሲደውል ቁጥሩ ስልክ እንዳልሆነ ነገራት። ጀልባዋ ልትገለበጥ ስትል ለነፍስ አድን ሠራተኞች በሳተላይት ስልክ የተነገረው የቦታው ምልክት ነው፤ ስንት ዲግሪ ከስንት ደቂቃ ወደ ሰሜን፣ ስንት ዲግሪ ከስንት ደቂቃ ወደ ምሥራቅ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሱባለው ሞቷል፤ እየሩስ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። "ተስፋ ቁረጪ" የሚሏት ሁሉ ነገሩ አልገባቸውም። ተስፋማ የላትም። ያላት ናፍቆት ነው፤ ናፍቆቱም ፊቱን የሚያዞርበት አጣ። ባሏ ሱዳን ሳለ ወደ ሱዳን፣ ሊቢያ ሳለ ወደ ሊቢያ ታስብ ነበር። አሁን ወዴት ታስብ? የሞተ ሰው ሚስት መቃብሩ ደጅ ሄዳ ግንባሯን ታስነካለች። እሷ ያላት ሁለት ቁጥር ነው፤ እሱም የውሃው ላይ ላዩ። ከዚያ በታች ያለውን ማንም አልነገራትም።

ከዚያ በታች ያለውን የነገራት ቢኖር የራሷ ፍርሃት ነው። ልጅ ሆና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ቀላይ" የሚል ቃል ስትሰማ አድጋለች፤ ጥልቁ ማለት ነው፣ በልጅ ልቧ ደግሞ ወለል የሌለው። ባሕር ማለት ለእሷ ያ ነው። ወንዝ ወለል አለው፣ ጠጠሩ ይታያል። ባሕር ግን ዝም ብሎ ወደ ታች ነው። ስለዚህ ለሰው የማትነግረው ነገር ነበራት፦ እሱባለው ገና እየወረደ ነው። እንግዳ ይዛ የቤተ ጊዮርጊስን ጉድጓድ ከአፋፉ ስታሳይ፣ ገበያ ስትሄድ፣ ጠጉሯን ስትሠራ፣ እሱ እየወረደ ነው። እጁ ምንም አይነካም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፈም። ይህን ማሰብ ማቆም አትችልም።

ለዚህ ነው ልቅሶ አልቀመጥም ያለችው። የሰፈሩ ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩ፣ ግን መርዶውን ከሰማ ጀምሮ ተሰናድቶ ይጠብቃል። ቅሬ እንኳን ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ጎረቤት ሳይቀብር እንቅልፍ አይወስደውም። የቅሬው ዳኛ አያ ምናለ፣ ለሁሉም ነገር ደንብ ያለው፣ ደንብ ባይኖር የሚያወጣለት ሰው፣ የገና በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን መጣ። ኩታውን አጣፍቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። አብረዋት የሚኖሩት የእሱባለው እናት እማማ ሙሉሃብትም ከጓዳ ወጥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከአጠገቡ ተቀመጡ።

"አንች እየሩስ፣" አለ አያ ምናለ፣ "እኛ ምን በድለንሽ ነው? ሁለት ዓመት እንባችንን አቁረን ተቀመጥን። ሬሳ የጠፋው የመጀመሪያው ሰው እሱባለው አይደለም፤ ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀሳል። ደንብ አለው።"

"መሬት ላልነካ ሰው አላስለቅስም አያ ምናለ።"

"የንስሐ አባትሽን ጠይቂያ! አባ ገብረ ዮሐንስ ያለ ሬሳም ፍትሐት ይደረጋል አላሉም?"

"ብለዋል። እግዜር ያለበትን ያውቃል አሉኝ። እግዜርማ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ።"

አያ ምናለ ወደ አሮጊቷ ዞረ። እማማ ሙሉሃብት እንዲህ አሉ፦ "እኔ ያለ እሷ አልቀመጥም። ሚስቱ ናት። ግን ልጄ፣ እንባው በሆዴ ቆሞ ሊገድለኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጮኼ ስሙን ሳልጠራው ልሞት ነው።" እየሩስ ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የሴትዮዋ ዓይን በሁለት ዓመት ውስጥ ጎድጉዷል፤ እህል አይወርድላቸውም። አያ ምናለ ሲነሣ፣ "ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ቅሬው ይቀመጣል፤ እሽ በይ፣ አሮጊቷን አትግደያት" ብሏት ሄደ። 

በማግስቱ እንግዳ መጣላት። እንግዳዋ ፈረንጅ አልነበረችም፤ ዶክተር ፅናት የምትባል፣ የወገል ጤና ከተማ ልጅ፣ እናቷን ለስለት ይዛ የመጣች ሴት ናት። የገናው ሕዝብ ተበትኖ ከተማው ጸጥ ብሏል። እናትየው ቤተ ማርያም ጥግ ይዘው፣ "እኔን ተዉኝ፤ ከእመቤቴ ጋር ጉዳይ አለኝ" አሉና ቀሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጡ። ዶክተሯ ሐኪም መስላት ስለነበር እየሩስ መንገድ ላይ ጉልበቷን እንደሚያማት ነገረቻት። ፅናት ሳቀች።

"ኧረ እኔ እንኳን ጉልበት፣ ጉንፋንም አላክም። የመሬት ዶክተር ነኝ።"

"የድንጋይ? እንዲያማ ከሆነ ዛሬ ተያይዘናል!"

"ድንጋይ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። የኔ መሬት አይታይም። ባሕር ሥር ነው።"

እየሩስ ቆመች። ጉልበቷ ነው ብላ ፅናትም ቆመች። አፋፉ ላይ ደርሰው ነበር፤ ከእግራቸው ሥር ሸለቆው እርከን በእርከን እየወረደ ይታያል። እየሩስ ወደ ፅናት ዞረች።

"ከባሕር ሥር መሬት አለ?"

ፅናት ቀልድ መስሏት ልትስቅ አፏን ከፈተችና ፊቷን ስታይ ተወችው። "አለ" አለች። "እንዴት አይኖርም? በእጄ ነው መሣሪያ የማወርድበት። ምነው?"

እየሩስ ቦርሳዋን ከፈተች። ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት፤ ከዚያ ባሏ ማን እንደነበረ፣ እንዴት እንደሄደ፣ አባስ ምን እንዳየ ሳታቋርጥ ነገረቻት። እንግዳ ፊት እንዲህ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ፅናት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። 

"ይህን ቦታ አውቀዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ከቀርጤስ ደሴት በስተደቡብ ነው። መርከባችን በየዓመቱ በዚያ ያልፋል። አንዳንዴ ባዶ ጃኬት ውሃው ላይ ተንሳፎ እናያለን። አንሥተን መርከቡ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማንም ምንም አይናገርም። እኔ ብቻ ነኝ የአገሬ ሰው ቢሆንስ የምል።"

"ጥልቀቱ ስንት ነው?" አለች እየሩስ።

"ከሁለት ሺህ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።"

"በሜትር አትንገሪኝ።"

ፅናት ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ሸለቆው ጭጋግ ወደሚሆንበት ጠቆመች። "እዚህ ከቆምንበት ጫፍ ተነሥተሽ እስከ ተከዜ በረሃ ብትወርጂ፣ ያን ያህል ነው።"

እየሩስ ያን መንገድ ታውቀዋለች። በቅሎ ይዛ፣ ፈረንጅ አስከትላ ወርዳዋለች። "እሱማ የአንድ ቀን መንገድ ነው" አለች። "ማለዳ የተነሣ ሰው ሳይመሽ ይደርሳል።" ከዚያ የፅናትን ክንድ ያዘች።  "ታዲያ ደርሷላ! ያኔውኑ ደርሷል ማለት ነዋ!"

"ያኔውኑ" አለች ፅናት። "ያችው ቀን ሳትመሽ።"

እየሩስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ያረፈ ሰው አቀማመጥ ነው የተቀመጠችው፤ ሁለት ዓመት የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ባዶነቱ ራሱ አዞራት። ፅናትም አጠገቧ ተቀመጠች። ማጽናናት አትችልበትም ነበር፤ መርከብ ላይ የኖረ ሰው ወሬ አይችልም። ስለዚህ የምታውቀውን ነገረቻት። እኛ የቆምንበት ምድር፣ አለች፣ ከዚህ ጀምሮ ሱዳንን፣ ግብፅን፣ ሊቢያን ይዞ እስከ ባሕሩ ሥር ድረስ አንድ ትልቅ ሰፌድ ነው። የግሪክ ምድር ሌላ ሰፌድ ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የእኛው ከእነሱ ሥር ይገባል። ነጠላዋን አውልቃ ድንጋዩ ላይ ዘረጋችና ጫፉን አጠገባቸው ወደቆመው ዐለት ገፋችው፤ ነጠላው ተሸበሸበ፣ እጥፍ በእጥፍ እየሆነ ከፍ አለ። "የባሕሩ ወለል እንዲህ ነው የሚሆነው። እየተገፋ ይታጠፋል፣ ይነሣል።"

"በምን ታዩታላችሁ? ጨለማ አይደለም?"

"አናየውም። እንጠራራበታለን። ወለሉ ላይ፣ በዚህና በዚያ ማዶ፣ መሣሪያ እንተክላለን። አንዱ ድምፅ ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል። ጥሪው ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ እንለካለን። ካምናው ካጠረ መሬቱ ተጠጋግቷል ማለት ነው።"

"እንደኛ ገበሬዎች" አለች እየሩስ። "ከዚህ ተረተር ወደዚያ ተረተር ሲጠራሩ።"

"አዎ። እንደዚያው ነው። በዓመት ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ነው የሚጠጉት። ጥፍርሽ በዓመት የሚያድገውን ያህል።"

እየሩስ ጥፍሯን አየች። እሱባለው ሊደርስበት የወጣው ምድር ያ የግሪኩ ሰፌድ ነው፤ ቀርጤስ ይሁን ሌላ፣ ማዶው። አሁንም የተኛበት መሬት ተሸክሞት ወደዚያው እየሄደ ነው፣ በጥፍር ልክ። ይህን ስታስብ ሳቅም ልቅሶም መጣባት፣ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። አንድ ነገር ገና አልለቀቃትም ነበር። የድንጋይ ሰው ናትና የፈራችው ድንጋይን ነው።

"ወለሉ ድንጋይ ነው?"

"አይደለም። ጭቃ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከጭቃው በታች ድንጋዩን ለማግኘት ኪሎ ሜትሮች መቆፈር አለብሽ። ላይ ላዩ ለስላሳ ነው፤ መሣሪያችንን ራሱ ሰፊ እግር ካላደረግንለት ይውጥብናል።"

"የማን ጭቃ ነው?"

ፅናት እንዲህ ያለ ጥያቄ በስብሰባ ላይ ተጠይቃ አታውቅም። የገበሬ አገር ሰው ግን ሌላ ምን ይጠይቃል? አፈር ሁሉ የአንድ ሰው ነው፤ ዳገት ላይ ካለው ማሳ ተጠርጎ ወርዶ ታች ያለው ማሳ ላይ ይተኛል፣ ሰዎችም ይጣሉበታል። ፅናት ልትመልስ ጀመረችና የራሷ መልስ አስደነገጣት። ለዓመታት ያወቀችውን ነገር ከዚህ ተራራ ላይ ሆና አስባው አታውቅም።

"የዓባይ ነው" አለች። "አብዛኛውን ዓባይ ነው ያወረደው። እሱ ደግሞ ከየት ያመጣዋል? ግብፅማ አሸዋ ነው። ጥቁሩ አፈር የሚሄደው ከእኛ ደጋ ነው። በዓባይ፣ በ..."

"በተከዜ" አለች እየሩስ።

ሁለቱም ወደ ታች አዩ። ተከዜ ከዚሁ ከላስታ ተራሮች እንደሚነሣ እየሩስ ለስንት እንግዳ ነግራለች፤ ከዚህ የሚወርደው ሁሉ ተከዜ ይገባል፣ ተከዜ አትባራ ይሆናል፣ አትባራ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ባሕር ይገባል እያለች፣ በጣቷ አየር ላይ እየሣለች፣ ስንት ዓመት። ባሕር ከገባ በኋላስ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቃት እንግዳ አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀች።

ፅናት መዋሸት አልወደደችም። "ለእያንዳንዷ ቅንጣት አልምልልሽም" አለች። "ከሌላም የመጣ አለው። አሁን ደግሞ ግድቦቹ ያስቀሩታል፤ የዘንድሮው አፈር አይደርስም። እዚያ ያለው የድሮ ነው። የሺህ ዓመት፣ የመቶ ሺህ ዓመት፣ ከዚያም የሚበልጥ አለ። ግን አዎ፣ ከዚህ የሄደ አለበት። ይህን እምልልሻለሁ።"

"ቀድሞት ሄዶ ነው" አለች እየሩስ። "የአባቶቹ ማሳ ቀድሞት ሄዶ እዚያ ተኝቶ ጠበቀው።"

ፅናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሲወርዱ ብዙም አልተነጋገሩም። ከተማው ሲደርሱ፣ ልትለያት ስትል፣ እየሩስ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ፅናትም መልሱን ነግራት ተቃቅፈው ተለያዩ። "ዶክተር" ማለቷ ቀርቶ "እታለም" ብላ ነው የሸኘቻት።

ቤት ስትደርስ እማማ ሙሉሃብት ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ገብስ ይለቅማሉ። እየሩስ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ለመናገር ሞከረች። ስለ ሁለቱ ሰፌዶች ጀመረችና ተደናበረች፤ አሮጊቷ የያዙትን ሰፌድ አይተው፣ "የትኛው ሰፌድ?" አሏት። እንደገና ጀመረች። ስለ መሣሪያዎቹ፣ ስለ ጥሪው፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ሁሉንም ትታ፣ "እማማ፣ ባሕሩ ወለል አለው" አለች። "እሱባለው ያኔውኑ መሬት ነክቷል። የተኛው ጭቃ ላይ ነው፤ ጭቃው ከእኛ ተከዜ የወረደ ነው። የምታውቅ፣ የወገል ጤና ልጅ፣ የተማረች፣ ነገረችኝ።"

እማማ ሙሉሃብት ገብሱን መልቀም አቆሙ።  የሚመጣው ጥያቄ ስለ ተከዜ ይሆናል ብላ እየሩስ ስትጠብቅ፣ "ይበርደዋል?" አሉ።

እየሩስ ከፅናት ስትለያይ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። "አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዲግሪ ነው፤ በጋም ክረምትም ያው ነው ብላኛለች። እንደ እኛ ማለዳ ነው እማማ። ፀሐይ ሳትወጣ እንዳለው።"

"እንደኛ ማለዳ ከሆነማ ለምዶታል" አሉ እማማ ሙሉሃብት። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አኑረው፣ የእየሩስን ጭንቅላት ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ያዙት። "በይ ንገሪያቸው" አሉ።

ጥምቀት መጣ፣ ታቦታቱ ወጥተው ገቡ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አያ ምናለ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የቅሬው ጥሩምባ ነፊም እሱው ነው፤ ለሰው አያምነውም። ኩታውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሊሄድ ብሎ ተመለሰ።

"አንች እየሩስ። ሳስበው አደርኩ። ጥሩምባ የሚነፋው ስም ተጠርቶ፣ ቀብሩ እዚህ ቦታ ነው ተብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ስነፋ ቦታ ሳልጠራ ነፍቼ አላውቅም። ምን ልበል? ዝም ብዬ ልዝለለው?"

"አይዘለልም" አለች እየሩስ። ጥቁሯን ለብሳ ነበር። "ቀብሩ በተከዜ አፈር ተፈጽሟል በል።"

አያ ምናለ አያት። በሁሉ ነገር የሚከራከረው ሰው፣ ይህን ደንብ ከየት አመጣሽው የሚለው ሰው፣ ጥሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ ወደ ሰፈሩ ጉብታ ወጣ። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ፣ ያረጀ ግን ገና የማይሰበር ድምፅ፣ በየቤቱ ጣሪያ ላይ አለፈ፦ "ድንጋይ ጠራቢው እሱባለው አርፏል! ቀብሩ በተከዜ አፈር ተፈጽሟል! ልቅሶው እናቱ ቤት ነው! ሰማችሁ ወይ!"

የት ነው እሱ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ተከዜን የማያውቅ የለማ። በሮች ተከፈቱ፤ ሴቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ ወንዶች ኩታቸውን እያዘቀዘቁ፣ ገና ከሩቁ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ መጡ። እማማ ሙሉሃብት ከደፉ ወጥተው፣ ሁለት ዓመት ያቆሩትን ስም በአንድ ትንፋሽ ጠሩት፤ ያች ደቃቃ ሴትዮ ያን ሁሉ ድምፅ የት አኑራው እንደነበር እንጃ።

እየሩስ አብራቸው አለቀሰች። ስታለቅስ ግን አንድ ነገር ተሰማት። እስከ ዛሬ ስትፈራለት ነው የኖረችው፤ ይወርዳል፣ ይጨንቀዋል፣ አልደረሰም እያለች። ፍርሃቱ ናፍቆቷን አላናግር ብሏት ነበር። አሁን የሚፈራለት ነገር የለም። ባሏ ተኝቷል፤ የቀረው እሱ አለመኖሩ ብቻ ነው። አለመኖሩም እንደዚህ ትልቅ መሆኑን አታውቅም ነበር።

አሮጊቷን አቅፋ ጆሯቸው ሥር፣ "እማማ፣ ናፈቀኝ" አለች።

"እኔንም ልጄ" አሉ እማማ ሙሉሃብት። "እኔንም ናፈቀኝ።" አንድ ቤት እየኖሩ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ሲባባሉ የመጀመሪያቸው ነበር።